ኤቪስ ተፐን የእሑዱን ዙር የተወች ዕለት

ኤቪስ ተፐን የእሑዱን የእግር ጉዞ አደራ የተቀበለችው ለሁለት ሳምንት ብላ ነበር። ከእሷ በፊት ይመሩን የነበሩት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ወገባቸውን ታመው ሲተኙ ሾርባ ይዛ ልትጠይቃቸው ሄደች፤ ስትመለስ ካርታቸውንና ፊሽካቸውን ይዛ ተመለሰች። «እስክነሣ ያዥልኝ» ብለዋት ነው። እሳቸው አልተነሡም። ቀብራቸው ላይ ቆመን ሳለ ከመካከላችን አንዱ ወደ ኤቪስ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ የፊታችን እሑድ በስንት ሰዓት እንደምንገናኝ ጠየቃት። እሷም እንደ ሁልጊዜው ነው አለች። በዚያች ቃል ከአሥር ዓመት በላይ ታሰረች።

እኔ የመንደሩን ሱቅ የምጠብቅ ሰው ነኝ። እሑድ ጠዋት ሱቁን ዘግቼ ከተጓዦቹ ጋር እወጣ ነበር። የምነግራችሁ ግማሹን በዓይኔ ያየሁትን፣ ግማሹን ደግሞ በኋላ ኤቪስና ሮይስተን በየፊናቸው የነገሩኝን ነው።

ዙሩ ከመንደራችን ከኦልደርዲን ቤተ ክርስቲያን በር ይነሣል። ቢች በሚባሉት ረጃጅም ዛፎች መካከል ሽቅብ ይወጣና «ላሚት» የምንላትን ኮረብታ ጀርባዋን ይዞ ይሄዳል። በጎች ከሚጠጡበት ክብ ኩሬ አጠገብ ካለፈ በኋላ በማዶ በኩል ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ከዚያ ወንዙን ተከትሎ ተመልሶ መጠጥ ቤቱ በር ላይ ያበቃል። መሬቱ ጠመኔ ነው። ሲደርቅ ንጣቱ ዓይን ያጥበረብራል፤ ሲረጥብ ሳሙና ነው። ጫማ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ደርቆ የቤቱን ምንጣፍ ዱቄት ያስመስለዋል። ከውስጡ ፈልቶ የሚወጣው ባልጩት ደግሞ ጫማ ይበላል።

እንዲህ ሲያወሩት መንገዱን ማወቅ ብቻ የሚበቃ ይመስላል። ኤቪስ ግን የትኛው ማሳ ውስጥ ኮርማ እንደገባ ገበሬውን ትጠይቃለች፤ የትኛው የአጥር መሻገሪያ ደረጃ እንደተሰበረ ታያለች፤ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ አውቃ በመካከላቸው ትገባለች። ቅዳሜ ማታ ዝናብ ከጣለ ስልኳ ማረፊያ የለውም። እንወጣለን ወይስ እንቀራለን እያለ ሁሉም እሷን ይጠይቃል፤ የራሱን መስኮት ከፍቶ ሰማዩን የሚያይ አንድም ሰው የለም።

ኤቪስ ዕድሜዋን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ያሳለፈች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ናት። ባል አላገባችም። ጡረታ ስወጣ በባቡር ተሳፍሬ ስኮትላንድን አያለሁ ትል ነበር። በወጣች በዓመቱ ታላቅ እኅቷን ኦድሪን ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ኤቪስ ሳሎኗን መኝታ ቤት አድርጋ እኅቷን ወደ ራሷ ወሰደች። ከዚያ ወዲህ ስለ ስኮትላንድ ስታነሣ የሰማት የለም።

ኦድሪ በሁለት በኩል ከባድ ነበረች። ሰውነቷ ሙሉ ስለሆነ ከአልጋ ወደ ወንበር ማንሣቱ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ኤቪስ ብቻዋን ታነሣታለች። ምላሷን ደግሞ ስትሮኩ አልነካውም። ውሃ አምጪ፣ ትራሱን አስተካክይው፣ መስኮቱን ዝጊው፣ ደግሞ ክፈቺው ስትላት ታድራለች። ኤቪስ እንቅልፍ የምታገኘው እንደ ፍርፋሪ ነው፤ አንዷን ከዚህ፣ አንዷን ከዚያ።

እሑድ ጠዋት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፈነል ሹራብ ሥራቸውን ይዘው መጥተው እስከ ምሳ ከኦድሪ ጋር ይቀመጣሉ። ሰው ሁሉ ያችን ጉዞ የኤቪስ ዕረፍት አድርጎ ይቆጥራት ነበር። ንጹሕ አየር አግኝተሽ ነፍስሽ ተመለሰች ይሏታል። ነፍሷ ግን አትመለስም፤ አንዱን ሸክም ቤት አስቀምጣ ሌላውን ልትሸከም ነው የምትወጣው። ኦድሪ ይህን ከሁላችን ቀድማ ያወቀች ይመስለኛል። ኤቪስ በሩ አጠገብ ጎንበስ ብላ ቦት ጫማዋን ስታስር እያየች፣

«ሂጂ፣ ሂጂ። ዞረሽ ዞረሽ ያው እዚሁ ነሽ» ትላታለች።

ኤቪስ ይህን ስትነግረኝ ስቃ ነበር። ሳቋ ግን ከከንፈሯ አላለፈም።

አሁን ሮይስተን ሆብደንን ልንገራችሁ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች፤ አንዲት ልጁ ሰሜን፣ ሃል ከተማ ትኖራለች። ኤቪስን ከኮረብታው ይልቅ የሚያደክማት እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ሁላችንም ሁለት ሁለት ሆነን እያወራን ተበታትነን ስንሄድ እሱ ከኤቪስ ተረከዝ አይርቅም። ዝም ብሎ ቢከተላት ደግ ነበር። «አለቃ፣ ምን ያስሮጥሻል?» ይላታል። ቆም ስትል ይገጫታል፤ ገጭቷትም ይቅርታ አይልም። «ስትቆሚ ተናገሪ እንጂ፤ አውቶቡስ እንኳ ከኋላው መብራት አለው» ይላታል። ዝም ስትል አኮረፍሽ ይላል፤ ከሌላ ሰው ጋር ስታወራ ደግሞ ወሬሽን ትተሽ መንገዱን ንገሪን፣ ድንጋይ አለ ወይ፣ ቁልቁለቱ ደረሰ ወይ ይላል። ሰው ፊት እንዲህ ሲያዝዛት እኛ እናፍር ነበር።

አንድ እሑድ ኤቪስ ያንን ለዘመናት የምናውቀውን ብርቱካናማ ጃኬቷን ትታ አዲስ ግራጫ ጃኬት ለብሳ መጣች። ለራሷ አዲስ ነገር ከገዛች ስንት ጊዜዋ ነው። ሎርና ፔሊንግ አማረብሽ አለቻት። ሎርና የጥርስ ሐኪም ረዳት የነበረች፣ ፈጣንና ደፋር ሴት ናት፤ የማያምርን ነገር አማረ አትልም። ሮይስተን ግን ቀረብ ብሎ ጃኬቱን ከላይ እስከ ታች አየና፣

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ዝናብ የመታው በግ መስለሻል። ያንን ብርቱካን ምን አደረግሽው?» አለ።

አንዳንዶቻችን ሳቅን። ኤቪስ በሚቀጥለው እሑድ አሮጌውን ብርቱካናማ ለብሳ መጣች፤ ግራጫው ቁም ሳጥን ገባ።

ጉዞውን ለመተው የቆረጠችው በኅዳር ነው። አንድ ዓርብ ኦድሪን ከአልጋ ስታነሣ ጉልበቷ ከዳትና ሁለቱም ተያይዘው ወለሉ ላይ ወረዱ። አልተጎዱም። ግን መነሣት አልቻሉም። ወይዘሮ ፈነል የወተት ዕቃ ሊመልሱ እስኪመጡ ድረስ አልጋውን ተደግፈው ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆዩ። መጀመሪያ ኦድሪ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ ከዚያ አፍንጫዋን በደኅናው እጇ ጠርጋ እንዲህ አለቻት፦

«ከሁለታችን አንዳችንን ተዪ፤ ከእኔና ከኮረብታው። እኔን ብትተዪ ይሻልሻል። ኮረብታው ቢያንስ አያንኮራፋም።»

ኤቪስ በልቧ የትኛውን እንደምትተው ወስና ነበር። የዚያን እሑድ ዙሩ ሲያልቅ መጠጥ ቤት ቁጭ ብለን ሾርባችንን ስንጠጣ ልትነግረን አሰበች። የመጨረሻዬ ከሆነማ ያማረኝን ልልበስ አለችና ግራጫውን ጃኬት ከቁም ሳጥኑ አወጣችው።

የዚያን ጠዋት መንደሩ ላይ ስስ ጉም ነበር። ሮይስተን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «ማናችሁ የመጣችሁት?» እያለ አንድ በአንድ ስም አስጠራን። ቀልዱ መስሎን እኛም ፖሊስ ፊት እንደቀረበ ሰው ስማችንን ተናገርን። ሰባት ሆነን ወጣን። ዛፎቹን አልፈን ላሚት ጀርባ ላይ ስንደርስ ጉሙ ወፈረ፤ ከፊቴ የሚሄደውን ሰው ጫማ እንጂ ራሱን አላይም ነበር። ጭቃው ያንሸራትታል። ወሬም አልነበረም፤ ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይሄዳል። ኤቪስ ከፊት ሆና አልፎ አልፎ ፊሽካ ትነፋለች። እኔ ያኔ አላወቅኩም እንጂ፣ እየሄደች በልቧ የምትናገረውን ቃል እያዘጋጀች ነበር። ደክሞኛል ልበል ወይስ ጉልበቴን አሞኛል ልበል? ጉልበት ሰው ይገባዋል። ድካም ስትዪ ግን ማን አልደከመ ይሉሻል።

ኩሬውን አልፈን፣ ቁልቁለቱን ወርደን፣ ሸለቆው አፍ ላይ ያለው የእንጨት በር ጋ ስንደርስ ቆመችና ቆጠረችን። ስድስት ነን። ተረከዟን የሚረግጣት ሰው አልነበረም። ሳይገጫት ይህን ያህል መንገድ መሄዷን ያኔ ነው ልብ ያለችው።

ሎርና ተበሳጭቶ ተመልሶ ይሆናል፣ ሲያጉረመርም ሰምቼዋለሁ አለች። ኤቪስ ለጥቂት ጊዜ ጉሙን አየች። ከዚያ ካርታውን ከአንገቷ አውልቃ ለሎርና ሰጠቻትና እነዚህን ይዘሽ ውረጂ አለቻት። ሎርና መንገዱን በደንብ አላውቀውም ስትል፣ አጥሩን በግራ እጅሽ ይዘሽ ሂጂ፣ አጥሩ ካለቀ ወንዙ አለ አለቻት። እኔ አብሬሽ ልውጣ አልኳት። ሁለት ሰው ከምፈልግ አንድ ሰው ብፈልግ ይሻለኛል ብላ ብቻዋን ሽቅብ ተመለሰች።

ያ ቁልቁለት ሽቅብ ሲሆን ክፉ ነው። ግማሹ ላይ ስትደርስ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። የሮይስተንን ስም ጠራች፤ ጉሙ ድምፅዋን ዋጠው። ደግማ አልጠራችም። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ቃሏን ሳላሳምር ልንገራችሁ። እዚያ ተቀምጣ ለአንድ አፍታ ሮይስተንን ባላገኘው አለች። እንዲሞት አይደለም፤ እንዳታገኘው ብቻ። ማንም እንዳያገኛትም። ሣሩ እርጥብ ነው፣ ብርዱ በሱሪዋ ዘልቋል፣ ግን ምንም የሚጠራት ድምፅ አልነበረም። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ካገኘች ብዙ ዘመኗ ነው። መነሣት አስጠላት።

የተነሣችው ሲያወራ ስለሰማችው ነው።

ድምፁ ከኩሬው በኩል ይመጣል። እየጮኸ አልነበረም፤ እንደ ሁልጊዜው ያጉረመርማል። ሰው አብሮት አለ ብላ ቀረብ አለች። ሮይስተን ኩሬው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጥቂት ራቅ ብላ አንዲት ትልቅ በግ ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች። ፀጉሯ በጉሙ ርሶ ግራጫ ሆኗል። ሮይስተን የሚያወራው ለበጓ ነበር።

«እሺ፣ አትመልሺልኝ፤ መብትሽ ነው» ይላታል። «እኔም አንቺን ብሆን አልመልስም። እንደደከመሽ አውቃለሁ፤ እግርሽ ሲጎተት እሰማዋለሁ። ልትተዪው እንደሆነም አውቃለሁ። ተዪው፣ አለቃ። ግን አንድ ሁለት እሑድ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፤ ድንገት አታድርጊብኝ። እኔ ከዚህ ሌላ ከቤት የምወጣበት የለኝም።»

በጓ ሣሯን ታኝካለች።

ኤቪስ ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም። ተመልሳ ርቃ እየጠራች ልትመጣ አሰበች፤ እንዳልሰማች ሆና ክብሩን ልትጠብቅለት። ለዚያም ግን አቅም አጣች።

«ሮይስተን» አለችው፤ «እሷ በግ ናት።»

ሮይስተን ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ።

«ትዕግሥቷ በዛብኝ ብዬ ነበር» አለ።

ሄዳ አጠገቡ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ፔርሙዟን ከቦርሳዋ አውጥታ ሻይ ቀዳችለት፤ ኩባያውን ስትዘረጋለት እጁ አየሩን ሲዳብስ አየች። ያኔ ሁሉም ነገር ገባት፤ መግጨቱ፣ «ስትቆሚ ተናገሪ» ማለቱ፣ ጠዋት ስም ማስጠራቱ። ኩባያውን መዳፉ ውስጥ አስቀመጠችለት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። መሐሉ ነው የጠፋው። አሁን አንቺን ሳይሽ ጆሮሽና ትከሻሽ አለ፤ ፊትሽ የለም። ዳር ዳሩን ነው የማየው። ሐኪሙ ዳሩ ይቀርልሃል ብሎኛል።»

«መኪናህን የሸጥከው—»

«ነዳጅ ተወደደ ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ብርቱካኑ ግን በደንብ ይታየኝ ነበር። እሱን ተከትዬ የትም እሄዳለሁ። ዛሬ ላሚት ጀርባ ላይ ጠፋብኝ፤ ከዚያ ግራጫ ነገር አየሁና አገኘኋት ብዬ ተከተልኩ።» በጓ ወዳለችበት በአገጩ አመለከተ። «ጥሩ መሪ ናት፤ አትቸኩልም።»

ኤቪስ አልሳቀችም። ንዴቷ ያኔ መጣ። በዚያ ገደል ላይ ማየት የማይችል ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ስመራ ኖርኩ፣ አንድ ቀን ተንከባልለህ ብትሞት ለልጅህ ምን ብዬ እነግራት ነበር አለችው። ለልጄ አልነገርኳትም አለ። ከነገርኳት መጥታ ትወስደኛለች፣ ሃል ደግሞ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው፣ እዚያ ሰው ሽቅብ መሄዱን ቁልቁል መሄዱን በምን ያውቃል አለ። ከዚያ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ጠየቃት።

«ብነግርሽ ኖሮ ትወስጂኝ ነበር?»

ኤቪስ አሰበችበት።

«አልወስድህም ነበር» አለችው።

«እንግዲያው» አለ።

የቦርሳዋን ማንጠልጠያ አስያዘችውና መውረድ ጀመሩ። አሁን ትናገር ነበር፤ ድንጋይ፣ ጉድጓድ፣ እዚህ ሰፋ አድርገህ ርገጥ። እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ተከተላት። ከቁልቁለቱ ግርጌ ሳይደርሱ የእሷ እግር አዳለጣት፤ እሱ ማንጠልጠያውን አልለቅም ሲል ሁለቱም በጀርባቸው ተንሸራተው ሄዱ። ተነሥተው ሲቆሙ ሁለቱም በጠመኔው ጭቃ እስከ አንገታቸው ነጭ ነበሩ። ሮይስተን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ብሎ ጠየቀ። እኔ ነኝ፣ ጉልበቴ ነው አለችው። ከዚያ ሳታስበው የዓርቡን ነገር፣ ከእኅቷ ጋር ወለል ላይ የተቀመጡትን ነገረችው። ለማንም አልነገረችም ነበር። ሮይስተን ምክር አልሰጣትም። ሰማት ብቻ።

እኛ መጠጥ ቤቱ የደረስነው ከእነሱ ብዙ ሳንቀድም ነው። ሎርና አጥሩን በግራዋ ይዛ ስትሄድ አጥሩ ሁለት ሆነባትና የማናውቀው የአሳማ እርባታ ግቢ ውስጥ አስገባችን። የእርባታው ባለቤት ፒጃማውን እንደለበሰ ወጥቶ መንገዱን አሳየን። እሳቱ ዳር ተቀምጠን ይህን እያነሣን ስንስቅ በሩ ተከፈተና ሁለቱ ገቡ። ሳቃችን ቆመ። ከመቃብር የተነሡ ይመስላሉ።

ኤቪስ ጃኬቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያዘጋጀችው ቃል ጠፍቶባት ነበር መሰለኝ።

«ደክሞኛል» አለች። «ከዛሬ በኋላ አልመራም።»

ሁሉም በአንድ ላይ ተናገረ፤ ጥቂት ዕረፊና ትመለሻለሽ፣ እስከ ፋሲካ ብቻ፣ ያላንቺ እንዴት ይሆናል። እኔም ከተናገሩት አንዱ ነበርኩ። ኤቪስ አትከራከርም፤ ሾርባዋን ታማስላለች። ነገሩ አልገባንም ነበር። ዝም ያሰኘችን ሎርና ናት። ሴትዮዋ ደከመኝ አለች፣ ምኑ ነው ያልገባችሁ አለችን። ከዚያ ወደ ኤቪስ ዞራ እኔ እይዘዋለሁ አለች፤ አሳማ ቤት ካስገባኋቸው ወዲያ ሊከፋ የሚችል ነገር የለም። ኤቪስ ፊሽካውን ከኪሷ አውጥታ በጠረጴዛው ላይ ገፋችላት።

ሮይስተን ይህ ሁሉ ሲሆን በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው።

«እኔ ደግሞ አይታየኝም» አለ። «የምትስቁ ከሆነ አሁን ሳቁና ይውጣላችሁ።»

ማንም አልሳቀም። እሱን የመሰለ ሰው ዝምታ እንደሚያሳፍረው ስለማውቅ፣ ያን ጊዜ ከእኔ ሱቅ የታሸገ የድመት ምግብ ገዝተህ የሄድከው ለዚህ ነዋ አልኩት። ድመት የለውም።

«በዳቦ በላሁት» አለ ሮይስተን። «ክፉ አልነበረም።»

ያን ጊዜ ነው የሳቅነው፤ እሱም አብሮን።

ከዚያ ወዲህ ዙሩን ሎርና ትመራለች። ሁለት ጊዜ ጠፍተናል፤ ሰማዩን ግን አሁን በየመስኮታችን እናያለን። ሮይስተን በተራ የአንዳችንን ማንጠልጠያ ይዞ ይሄዳል፤ ማጉረምረሙን አልተወም። ለልጁም ነግሯታል። ልጁ ወዲያው መጥታ ልትወስደው ስትል አንድ ዓመት ስጪኝ ብሎ ለመናት። ኤቪስ የቻለች እሑድ ከኋላ ሆና ትመጣለች፤ ካልቻለች ትቀራለች፣ ምክንያትም አትናገርም።

ኦድሪ በሚያዝያ ዐረፈች። መንደሩ አሁንማ ኤቪስ ነፃ ወጣች፣ በየሳምንቱ እናያታለን አለ። አላየናትም። በሯን ዘግታ ተኛች። ቤቱ ጸጥ ሲል ትነቃና ኦድሪ ጠራችኝ ብላ ትነሣለች፤ ባዶውን አልጋ አይታ ተመልሳ ትተኛለች። ወይዘሮ ፈነል ሾርባ ያደርሱላታል። ሐኪሙ ሐዘን ነው አላት። እሷ ለእኔ ስትነግረኝ፣ ሐዘንማ አውቀዋለሁ፣ ይሄ የቆየ ድካም ነው፣ ተጠራቅሞ ቆይቶ አሁን ቤት ሲለቀቅለት ገባ አለችኝ።

በመስከረም፣ በሥራ ቀን፣ የሮይስተንን በር አንኳኳች። በቀጣዩ ወር ልጁ ልትወስደው ስለሆነ ዕቃው ተጠቅልሎ ነበር። ብርቱካናማውን ጃኬት ለብሳለች። እንውጣ አለችው። በቀስታ ወጡ። ፀሐዩ ደስ ይላል፤ ጠመኔው ደርቋል፤ በላሚት ጀርባ ላይ ትንንሾቹ ወፎች ከሣሩ ተነሥተው በአየር ላይ ተንጠልጥለው ይዘምራሉ። ኩሬው ጋ ሲደርሱ ኤቪስ ጥቂት ልቀመጥ አለች። ተቀመጠች፣ ጋደም አለች፣ ተኛች።

ሮይስተን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። የኤቪስን ትንፋሽ ያዳምጣል። መንገደኞች ሲያልፉ ምን ሆነች ብለው ቢጠይቁት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከሸለቆው የቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ፤ ብዙ ቆይቶ እንደገና ተሰማ። እግሩ ደነዘዘ፤ አልተንቀሳቀሰም። በኋላ ሮይስተን፣ ከኤቪስ ጋር በወጣሁባቸው ጊዜያት ሁሉ ለእሷ ያደረግኩላት ነገር ይሄ ብቻ ነው ብሎኛል።

ስትነቃ ፀሐይዋ ወደ ማዶ ዘንበል ብላ ሣሩ ቀዝቅዞ ነበር። ደንግጣ ቀና አለች።

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«የት ልንሄድ?» አላት።

ዙሩን አልጨረሱትም። በመጡበት መንገድ ተመለሱ፤ የቀረው ቁልቁለት ቀረ። ሮይስተን በጥቅምት ሄደ። እሑድ እሑድ በስልክ ይደውልላታል፤ ከሰዓት በኋላ ነው የሚደውለው። ኤቪስ እሑድ ጠዋት እስከ ረፋድ ትተኛለች፤ በቤቷ በኩል ስናልፍ ሎርና ድምፃችንን ዝቅ ታስደርገናለች።